ውሃው ከየት ይመጣል? ሦስት የሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶች ለኑሮ ሲታዩ

የዛሬው ዝግጅታችን አገር ለቆ ደሴት ላይ ስለ መኖር ነው። ለሽርሽር ሄዶ አምስት ቀን አሸዋ ላይ ስለ መተኛት አይደለም። ልጅ ትምህርት ቤት ስለ ማስገባት፣ የቤት ኪራይ ስለ መክፈል፣ ሌሊት ሲታመሙ ሐኪም ስለ መፈለግ ነው።

ጉዳዩ ከብዙዎቻችን ደጅ የራቀ አይደለም። ሲሸልስ ካለ ሆቴል የሥራ ውል የሚቀርብለት ወጣት አለ። አሜሪካ ሠላሳ ዓመት ሠርተው ጡረታ የተቃረቡ፣ የክረምቱ ብርድ አጥንታቸው ድረስ የገባ ባልና ሚስት አሉ። ዳሬ ሰላም ዕቃ ሲያመላልስ ዛንዚባር ላይ ሱቅ መክፈት ያዋጣው እንደሆነ የሚያሰላ ነጋዴም አለ። ለእነዚህ ሰዎች የባሕር ዳርቻ ፎቶግራፍ ምንም አይነግራቸውም።

ሞቃታማ ደሴት በዓለም ላይ ሞልቷል። እኔ ለዛሬ ሦስቱን መርጫለሁ፦ ዛንዚባርን፣ ሲሸልስንና ሞሪሺየስን። ሦስቱም ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ናቸው፤ ወደ ዛንዚባርና ወደ ሲሸልስ ደግሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ይበርራል። ዓመተ ምሕረቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ደሴትን ከደሴት ሳወዳድር አንድ መለኪያ እይዛለሁ። ለኑሮ የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ፣ ማለትም መብራቱ፣ ውሃው፣ እህሉ፣ መድኃኒቱ፣ ወደዚያች ደሴት የሚገባው በስንት በር ነው? በሩ ሲዘጋስ ነዋሪው ምን ይሆናል? ሰፊ አገር ላይ አንዱ መንገድ ቢቆረጥ በሌላው ይዞራል። ደሴት ላይ ብዙ ጊዜ ያለው አንድ ኬብል፣ አንድ ወደብ፣ አንድ የዝናብ ወቅት ነው።

ከዛንዚባር እንጀምር።

በዲሴምበር 2009 የዛንዚባር ዋና ደሴት ኡንጉጃ መብራት ጠፋባት። መብራት መጥፋት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ይህኛው ግን የተመለሰው በማርች 2010 ነበር፤ ሦስት ወር ሙሉ መሆኑ ነው። ምክንያቱ አንድ ነው። ኡንጉጃ የራሷ የኃይል ማመንጫ ስላልነበራት የኤሌክትሪክ ኃይሏን በሙሉ የምታገኘው በ1980 በተዘረጋ፣ ከታንዛኒያ የብስ ከራስ ኪሮሞኒ ተነሥቶ በባሕር ሥር ራስ ፉምባ በሚደርስ አንድ ኬብል ነበር። ያ መስመር ሲበላሽ የሚተካው አልነበረም። ከዚያ በፊትም በሜይ 2008 ተቋርጦ ደሴቲቱ አንድ ወር ያህል በጨለማ ቆይታ ነበር።

የከተማዋን መልክ በዓይነ ኅሊናችሁ ሳሉት። ስቶን ታውን የሚባለው አሮጌው ሰፈር መንገዱ እጅግ ጠባብ ነው፤ ሸክም የያዙ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ አንዱ ትከሻውን ወደ ግድግዳው ያዞራል። በዚያ ጠባብ መንገድ፣ በየሱቁ ደጃፍ ጄኔሬተር ተቀምጦ ሲጮህና ሲያጨስ ይውላል። ጄኔሬተር የሌለው ልብስ ሰፊ መኪናውን ዘግቶ ይቀመጣል። ብየዳ ቤቱ ይዘጋል። ዓሣ ሻጩ በረዶ ስለማያገኝ ጠዋት የገዛውን እስከ ቀትር ካልሸጠ ይጥለዋል። ከሁሉ የባሰው ግን የውሃው ነገር ነበር። የኡንጉጃ ውሃ የሚወጣው ከከርሰ ምድር በኤሌክትሪክ ፓምፕ በመሆኑ መብራቱ ሲጠፋ ቧንቧውም ደረቀ። እናቶችና ልጆች ጀሪካን ተሸክመው ወደ ጉድጓድ ይመላለሱ ጀመር። ትላልቆቹ ሆቴሎች በናፍጣ እየሠሩ እንግዶቻቸውን አስተናገዱ። የ2008ቱን ጨለማ በኋላ ያጠና አልፍሬዶ ቡርላንዶ የተባለ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ፣ ሥራቸው በኤሌክትሪክ ላይ የተመሠረተ ቤተሰቦች ገቢ እንደቀነሰና ከዚያ ወዲህ የተወለዱ ሕፃናት ክብደትም ዝቅ ብሎ እንደነበር አግኝቷል። አንድ ኬብል ሲበጠስ ገና ያልተወለደ ልጅ ድረስ ይደርሳል ማለት ነው።

ዛሬ ሁኔታው ተሻሽሏል። ሁለተኛዋ ደሴት ፔምባ በ2010 ከታንጋ የራሷን ኬብል አገኘች፤ ኡንጉጃም በአሜሪካ መንግሥት ድጋፍ የተዘረጋው 100 ሜጋ ዋት የሚያስተላልፈው አዲስ መስመር በ2013 ተመረቀላት። ሆኖም ኃይሉ አሁንም በአብዛኛው የሚመጣው ከየብስ ነው፤ የታንዛኒያ ግሪድ ሲወድቅ ዛንዚባርም አብራ ትጨልማለች። እዚያ ቤት ልትከራዩ ስትሄዱ ስለ መስኮቱ እይታ ከመጠየቃችሁ በፊት ውሃው ከየት እንደሚመጣ፣ ሮቶ ስንት ሊትር እንደሚይዝ፣ ፓምፑ በምን እንደሚሠራ ጠይቁ።

ዛንዚባር ለኑሮ የምትመችበት ብዙ ነገር አላት፤ ይህንንም በሙሉ ልቤ ነው የምናገረው። ከዳሬ ሰላም በፈጣን ጀልባ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ካሳቫው፣ ሙዙ፣ ኮኮናቱ እዚያው ይበቅላል፤ ዓሣው እዚያው ይጠመዳል። ከሦስቱ ኑሮ የሚረክሰውም እዚያ ነው። ስዋሂሊ ለመማር ደግሞ ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም፤ የስዋሂሊ መደበኛ ቋንቋ የተመሠረተው በዛንዚባር ከተማ አነጋገር ላይ ነው። ሕዝቡ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሙስሊም ነው። ክርስቲያን ሆኖ እዚያ መኖር ይቻላል። ቤተ ክርስቲያንም አለ፤ የአንግሊካኑ ካቴድራል የተሠራው በ1873 በተዘጋው የባሪያ ገበያ ቦታ ላይ ነው። ነገር ግን በረመዳን ቀን አደባባይ ላይ አለመብላት፣ ከባሕር ዳርቻ ወደ ሰፈር ሲመለሱ ሰውነትን መሸፈን የነዋሪነት ግዴታ ነው። ለወሎ ልጅ ይህን ማስረዳት አያስፈልገኝም።

የዓመቱን አከፋፈልም ልብ በሉ። ከዲሴምበር እስከ ማርች ካስካዚ የሚሉት የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ይነፍሳል፤ ሙቀቱ ይበረታል። ከማርች እስከ ሜይ ማሲካ የሚባለው ዋናው ዝናብ ይወርዳል፤ ብዙ የዳርቻ ሆቴሎች በኤፕሪልና በሜይ ይዘጋሉ። ከዚያ ኩሲ የተባለው የደቡብ ነፋስ ይመጣና አየሩ ቀዝቀዝ ይላል። በጁላይ ሄዳችሁ የወደዳችሁት ቤት በኤፕሪል ጣራው ሲያፈስ፣ ግድግዳው ሻጋታ ሲያወጣ ልታገኙት ትችላላችሁ።

በምሥራቁ ዳርቻ፣ በፓጄና በጃምቢያኒ፣ ባሕሩ ሲሸሽ በጣም ርቆ ነው የሚሸሸው። ቀን ላይ ሰማያዊ የነበረው ቦታ ከሰዓታት በኋላ እርጥብ አሸዋና ኩሬ ይሆናል። ያኔ ሴቶች ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው ይሠራሉ። በሁለት እንጨቶች መካከል ገመድ ይወጠራል፤ በገመዱ ላይ የባሕር አረም ቁርጥራጭ በየስንዝሩ ይታሰራል። ሲያድግ ለቅመው፣ ተሸክመው፣ አድርቀው ይሸጡታል። ይህ ሥራ ወደዚያ የገባው በ1989 ሲሆን ለብዙ ሴቶች በእጃቸው የሚገባ የመጀመሪያ ገንዘብ አስገኝቶላቸዋል። ኮቶኒ የሚባለው ውድ ዋጋ የሚያወጣው ዓይነት ግን የባሕሩ ሙቀት እየጨመረ ሲሄድ መሞት ጀመረ፤ አሁን በብዛት የሚተክሉት ረከስ ያለውን ነው። እዚያ ዳርቻ ላይ ቤት የሚከራይ ሰው የሚያየው ውሃ የእነዚህ ሴቶች ማሳ ነው። ይህን ማወቅ ለጎረቤትነት የመጀመሪያው ደረጃ ይመስለኛል።

መሬትን በተመለከተ ኢትዮጵያዊ አድማጭ ቶሎ ይገባዋል። ዛንዚባር ላይ መሬት የመንግሥት ነው። የውጭ ዜጋ በሊዝ ሊይዝ ወይም ፈቃድ ባላቸው ግንባታዎች ውስጥ አፓርታማ ሊገዛ ይችላል እንጂ ከአንድ ዓሣ አጥማጅ ቤተሰብ ላይ የባሕር ዳር ቦታ ገዝቼ ባለርስት እሆናለሁ ቢል ወረቀቱ አይቆምለትም። ሻጩ ዘመድ ቢመስልም፣ ሽማግሌ ቢቀመጥም አይቆምለትም።

ወደ ሲሸልስ እንለፍ። ደሴቶቹ 115 ናቸው ይባላል፤ ሕዝቡ ግን 100 ሺህ ገደማ ነው፤ አብዛኛው የሚኖረው ማሄ በምትባለው ዋና ደሴት ላይ ነው። እስከ 1971 ድረስ አውሮፕላን ማረፊያ ስላልነበራት የሚደረስባት በመርከብ ብቻ ነበር። ዛሬ በነፍስ ወከፍ ገቢ ከአፍሪካ አገሮች ግንባር ቀደም ናት። ሕክምናው ለዜጎቿ ነጻ ነው፤ ትምህርቱም እንዲሁ። ውበቷን አልዘረዝርም፤ ፎቶግራፎቹ አይዋሹም።

ማሄ ተራራ ናት። ሞርን ሲሸልዋ የተባለው ጫፍ ከባሕሩ 905 ሜትር ከፍ ብሎ ይነሣል። መሬቱ ግራናይት ድንጋይ ነው፤ ዝናቡ ሲመጣ በአጫጭር ወንዞች ተንደርድሮ ባሕር ይገባል፤ ውሃ ይዞ የሚያቆይ ሰፊ መሬት የላትም። ላ ጎግ የሚባለውን ግድብ ከፍ አድርገውታል፤ የባሕር ውሃ የሚያጣሩ ተቋማትም አቁመዋል። እንዲያም ሆኖ ከሜይ እስከ ኦክቶበር ባለው ደረቅ ወቅት ዝናቡ ሲዘገይ ውሃ በፈረቃ ይሆናል። በዚያች ለምለም አገር፣ ከደጃፉ ፏፏቴ በሚሰማበት ሰፈር፣ የቤት እመቤት ባልዲ ስታጠራቅም ማየት ያስገርማል።

እህሉስ? ሩዙ፣ ዱቄቱ፣ ሽንኩርቱ፣ ድንቹ፣ የዱቄት ወተቱ በመርከብ ቪክቶሪያ ወደብ ላይ ይራገፋል። አገሪቱ በብዛት የምታወጣው ቱና ዓሣን ነው፤ ወደቡ አጠገብ ያለው የቱና ፋብሪካ በዓለም ካሉት ትላልቆች አንዱ ነው። ስለዚህ ሲሸልስ የምትበላው ከዓሣና ከጎብኚ በምታገኘው የውጭ ምንዛሪ ነው። ይህ በር በ2008 ተዘግቶ ነበር። አገሪቱ ዕዳዋን መክፈል አቃታት፤ በኖቬምበር ሩፒዋን በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ለቀቀችው፤ የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ እጥፍ ተጠጋ። ከዚያ በፊትም የመደብር መደርደሪያ ባዶ የሚሆንበት፣ ዶላር በጓሮ የሚፈለግበት ጊዜ ነበር። የውጭ ምንዛሪ እጥረት ምን እንደሚመስል ለእናንተ መተረክ አይጠበቅብኝም። ከዚያ ወዲህ ኢኮኖሚዋ አገግሟል፤ ሆኖም ደመወዙ በሩፒ የሚከፈለው ተቀጣሪ ይህን ታሪክ ሳያውቅ ውል መፈረም የለበትም።

ሌላም አለ። በዲሴምበር 7 ቀን 2023 ፕሮቪደንስ በተባለው የኢንዱስትሪ ቀጣና የፈንጂ መጋዘን ፈነዳ፤ በዚያው ሰሞን የጣለው ከባድ ዝናብ ያስከተለው ጎርፍና የመሬት መንሸራተትም ሰው ገደለ። መንግሥት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። ፕሮቪደንስ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙ አይርቅም። ሜዳ መሬት እጅግ ጥቂት በሆነባት ደሴት መጋዘኑም፣ ፋብሪካውም፣ የነዋሪው ቤትም ጎን ለጎን ናቸው። ጎረምሳ ልጅ ይዞ የሚሄድ ወላጅ ደግሞ የሄሮይን ሱስ የአገሪቱ ትልቅ ችግር መሆኑን ይወቅ፤ ባለሥልጣናቱ ራሳቸው በግልጽ የሚናገሩት ጉዳይ ነው።

ለመግባት ቀላል ናት፤ ለጉብኝት የአብዛኛውን አገር ዜጋ ያለ ቪዛ ትቀበላለች፤ ቀድሞ በኢንተርኔት የጉዞ ፈቃድ መሙላት ብቻ ነው። ለመሥራት ግን ነገሩ ሌላ ነው። የሥራ ፈቃዱን የሚያወጣው ቀጣሪው ስለሆነ ቀጣሪ ሲለወጥ ፈቃዱም እንደ አዲስ ይጀመራል። በጎብኚነት ገብቶ ሥራ ፍለጋ መዞር ያስባርራል። ስለዚህ ውሉን በእጃችሁ ሳትይዙ ቲኬት አትቁረጡ። የቤት ኪራይ በቀጣሪው ይሸፈናል ወይስ ከደመወዝ ይቆረጣል የሚለውን በጽሑፍ አስገቡ፤ ማሄ ላይ የኪራይ ዋጋ የደመወዝን ግማሽ ሊበላ ይችላል።

ሦስተኛዋ ሞሪሺየስ ናት፤ እዚህ ላይ ቆየት እላለሁ።

ሞሪሺየስ የሰው ዘር ያልነበረባት ደሴት ነበረች። ሆላንዶች መጥተው ሄዱ፤ ፈረንሳዮች ከማዳጋስካርና ከአፍሪካ ባሪያ አመጡባት፤ እንግሊዞች በ1835 ባርነትን ሲያስቀሩ ለሸንኮራ አገዳው እርሻ ከሕንድ የኮንትራት ሠራተኞች አስመጡ። ፖርት ሉዊስ ላይ አፕራቫሲ ጋት የሚባለው ሠራተኞቹ ይገቡበት የነበረው ግቢ ዛሬ የዓለም ቅርስ ነው። በ1968 ነጻ ወጣች። አሁን 1.2 ሚሊዮን የሚያህለው ነዋሪዋ ሁሉ ቅድመ አያቶቹ በመርከብ የመጡ ናቸው። ቤት ውስጥ ክሪኦል ይነገራል፤ ጋዜጣው በአብዛኛው በፈረንሳይኛ ነው፤ ፓርላማው በእንግሊዝኛ ይሠራል። መጤ መሆን እዚያ የሁሉም ታሪክ ስለሆነ ሰው ከየት መጣህ ሲል ለማግለል አይመስልም። የመንገድ ዳር ምግቡን ላነሣ፦ ዶል ፑሪ ይሉታል። ተቀቅሎ የተፈጨ ክክ በመሃሉ ያለበት ስስ ቂጣ ነው፤ ወጥና ቃሪያ ጨምረውበት ጠቅልለው በወረቀት ይሰጣሉ። ኢትዮጵያዊ በመጀመሪያው ጉርሻ ይለምደዋል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ይህች ትንሽ ደሴት የራሷ ቆላና ደጋ ያላት መሆኑ ነው። ዋና ከተማዋ ፖርት ሉዊስ ባሕር ዳር ናት፤ ሞቃት ናት። መሃል ላይ ኪዩርፒፕ የምትባል ከተማ 550 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። በጁላይ እዚያ ሹራብ ይለበሳል፤ ጉሙና ካፊያው አያቋርጥም፤ ቁም ሳጥን ውስጥ ያለ ጫማ ሻጋታ ያወጣል። ሰዉ ወደዚያ የወጣው በ1860ዎቹ ማብቂያ ወባ ፖርት ሉዊስን ሲያጠቃና በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሲፈጅ ነው። አያቶቻችን ቆላውን ትተው ደጋ ላይ የሰፈሩበት አንዱ ምክንያት እዚያም ሠርቷል። ዛሬ ወባው ጠፍቷል፤ ከተማው ግን ላይ እንዳለ ቀርቷል። በስተ ምዕራብ፣ በፍሊክ አን ፍላክ በኩል፣ ዝናቡ ያንሳል፣ ፀሐዩ ይበረታል። በስተ ምሥራቅ ነፋሱ አያባራም። ከአንዱ ወደ ሌላው በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው። እንግዲህ ሞሪሺየስ እኖራለሁ የሚል ሰው የትኛው ሞሪሺየስ ብሎ መጀመር አለበት።

አሁን ወደ ማዕበሉ እንምጣ። ሳይክሎን የሚባለው ግዙፍ ተሽከርካሪ አውሎ ነፋስ ጉልበቱን የሚያገኘው ከሞቀ የባሕር ውሃ ነው። እንዲሽከረከር የሚያደርገው ግን የመሬት መዞር ነው፤ ይህ ኃይል ደግሞ ምድር ወገብ ላይ ዜሮ ነው፤ ከዚያ ሲርቁ ይጨምራል። በዚህ ምክንያት ከምድር ወገብ አራት ዲግሪ ተኩል ብቻ የምትርቀው ማሄ ከሳይክሎን መንገድ ውጭ ናት። ስድስት ዲግሪ ላይ ያለችው ዛንዚባርም ብዙውን ጊዜ ትድናለች፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። በኤፕሪል 1872 የመታት አውሎ ነፋስ የኡንጉጃን የቅርንፉድ ዛፎች አውድሞ እርሻው ወደ ፔምባ እንዲዞር አድርጓል። በሜይ 2024ም ሂዳያ የተባለው ሳይክሎን የታንዛኒያ ዳርቻ ደርሷል። ሞሪሺየስ ግን ሃያ ዲግሪ ላይ፣ ልክ መንገዱ ላይ ናት።

በፌብሩዋሪ 1960 ማብቂያ ላይ ካሮል የተባለው ሳይክሎን ደሴቲቱን አቋርጦ በእንጨትና በቆርቆሮ የተሠሩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶችን ጠራርጎ ወሰደ። ያገሩ ሰው ከዚያ የተማረውን ዛሬ ከአውሮፕላን መስኮት ማየት ይቻላል፦ ጣራው ሁሉ ጠፍጣፋ ኮንክሪት ነው። አያምርም ይሉታል ጎብኚዎች። እኔ ግን ከማየው የኪነ ሕንጻ ውበት ሁሉ በላይ አከብረዋለሁ፤ አንድ ሕዝብ ሞቶ የተማረውን አልረሳም ማለት ነውና። ማስጠንቀቂያው በአራት ደረጃ ይታወጃል። ሁለተኛው ሲታወጅ ትምህርት ቤት ይዘጋል። ሦስተኛው ሲታወጅ ሰው ሁሉ ቤቱ ይገባል፤ ውሃ በየዕቃው ይሞላል፣ መስኮት ይጠረቀማል፣ ሻማና ራዲዮ ይዘጋጃል። አራተኛው በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ነፋስ ደሴቲቱ ላይ መመዝገቡን የሚያስታውቅ ነው፤ ያኔ በሩን የሚከፍት የለም።

እንዲህ የተዘጋጀ አገርም ይሳሳታል። በጃንዋሪ 2024 ቤላል የተባለው ሳይክሎን ሲቃረብ ሰዉ ሥራ ላይ ነበር፤ ዝናቡ ፖርት ሉዊስን በሰዓታት ውስጥ አጥለቀለቃት፤ መኪናዎች እንደ ጀልባ ተንሳፈፉ፤ የማስጠንቀቂያው አሰጣጥ ብርቱ ትችት ገጠመው። በማርች 2013ም በዚያችው ከተማ ድንገተኛ ጎርፍ 11 ሰው ገድሏል። ቤት ስትመርጡ ከነፋሱ ይልቅ ጎርፉን ፍሩ፤ ሰፈሩ ወንዝ አፍ ላይ ነው ወይ ብላችሁ ባለ ሱቁን ጠይቁት። ደላላው አይነግራችሁም።

ፈቃድ በተመለከተ ከሦስቱ ደንቡ በጣም የተብራራው የሞሪሺየስ ነው። ዕድሜው 50 የሞላ የውጭ ዜጋ በየወሩ የተወሰነ ገንዘብ ከውጭ እያስገባ በጡረተኛነት መኖር ይችላል፤ መጠኑ ስለሚለዋወጥ የአገሪቱን የኢኮኖሚ ልማት ቦርድ መጠየቅ ነው። ቤት መግዛት የሚቻለው ግን በአብዛኛው መንግሥት ለውጭ ሰው በፈቀደባቸው ግንባታዎች ውስጥ ነው፤ ከመኖሪያ ፈቃድ ጋር እንዲሆን ከተፈለገም ዋጋው በመቶ ሺዎች ዶላር ይቆጠራል። ትምህርቱ ጠንካራ ነው፤ ረዱዊ ላይ ያለው ዩኒቨርሲቲ ከ1965 ጀምሮ አለ፤ የልብ ቀዶ ሕክምናም እዚያው አገር ውስጥ ይሠራል።

ስለ ሕክምና ካነሣን አሜሪካ ላላችሁ አድማጮች አንድ ነገር ላስታውስ። ሜዲኬር በጥቅሉ ከአሜሪካ ውጭ ለሚደረግ ሕክምና አይከፍልም። የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ለዜጋ በአብዛኛው አገር ይከፈላል፤ ኤስ ኤስ አይ የሚባለው ድጎማ ግን ከአገር ውጭ 30 ቀን ሲሞላ ይቆማል። ግሪን ካርድ ብቻ የያዘ ሰው ደግሞ ከስድስት ወር በላይ ሲርቅ ጡረታው ሊቋረጥበት፣ ከዓመት በላይ ሲቆይም ካርዱን ሊያጣ ይችላል። የደሴቱን ኪራይ ከማስላታችሁ በፊት ይህን አስሉ፤ የግል የጤና ኢንሹራንስ ዋጋም በዕድሜ ልክ እንደሚጨምር አትርሱ።

ከአንዱ ደሴት ወደ ሌላው ስለ መሄድ እያወራን በፍላጎታቸው ያልሄዱትን መዝለል አልችልም። ከሞሪሺየስ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ከሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ቻጎስ የሚባሉ ደሴቶች አሉ። ነዋሪዎቹ የኮኮናት እርሻ ሠራተኞች ነበሩ፤ ቤት ነበራቸው፣ ዓሣ ያጠምዱ ነበር፣ ዶሮና አሳማ ያረቡ ነበር። ብሪታንያ በ1965 ደሴቶቹን ከሞሪሺየስ ለየቻቸው፤ ዲዬጎ ጋርሲያ ላይ ለአሜሪካ የጦር ሰፈር ቦታ ለመስጠት ነዋሪው መነሣት ነበረበት። ለሕክምና ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ሞሪሺየስ የመጡት መመለሻ መርከብ የላችሁም ተባሉ። የቀሩት እስከ 1973 ድረስ በመርከብ ተጭነው ሞሪሺየስና ሲሸልስ ላይ ተራገፉ። ከመነሣታቸው በፊት ውሾቻቸው ተሰብስበው በጭስ ታፍነው ተገደሉ። በጠቅላላው ከ1,500 እስከ 2,000 የሚሆኑ ሰዎች ናቸው።

ልብ በሉ፤ ሰዎቹ የሄዱት ወደ ሌላ ሞቃታማ ደሴት ነው። ያው ውቅያኖስ፣ ያው ኮኮናት፣ ቋንቋቸውም የሚቀራረብ ክሪኦል። ግን ፖርት ሉዊስ ላይ ለቤት ኪራይ ይከፈላል፤ ዓሣ ከገበያ ይገዛል፤ የኮኮናት ፍሬ መፈልፈል ሥራ አይሆንም። በድሆች ሰፈር ተጣብበው፣ ሥራ አጥተው፣ ብዙዎቹ በችግርና በሐዘን አለቁ። ብሪታንያ በ1972 ለማቋቋሚያ የሰጠችው 650 ሺህ ፓውንድ እጃቸው የገባው ከዓመታት በኋላ ነው። በ2002 የብሪታንያ ዜግነት ሲፈቀድላቸው ብዙዎቹ ለንደን አቅራቢያ ወዳለችው ክሮሊ ከተማ ሄዱ። በ2019 የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ሞሪሺየስን የሚደግፍ አስተያየት ሰጠ፤ በሜይ 2025 ብሪታንያ የደሴቶቹን ሉዓላዊነት ለሞሪሺየስ ለመመለስ ስምምነት ፈረመች፤ ዲዬጎ ጋርሲያ ግን ለ99 ዓመት በኪራይ የጦር ሰፈር ሆና እንድትቆይ ተጻፈ። የሰው ኑሮ የሚቆመው በመሬት መብት፣ በሥራና በወገን ላይ እንጂ በአየር ጠባይ ላይ አለመሆኑን ለማወቅ ከዚህ የከፋ ማስረጃ አላውቅም። ደሴት የሚመርጥ ሰው ስለ ፀሐዩ ሳይሆን ስለ እነዚህ ሦስቱ ይጠይቅ።

እኔን ብትጠይቁኝ፣ ልጆች ላሉት ቤተሰብ ሞሪሺየስን እመርጣለሁ፤ ያውም ከባሕሩ ወጣ ብሎ ደጋው ላይ፣ ካትር ቦርን ወይም ሮዝ ሂል አካባቢ። በዚያ የሚያልፈው ባቡር ወደ ፖርት ሉዊስ ያደርሳል፤ ሐኪም ቤቱ ቅርብ ነው፤ ሳይክሎኑም ቢመጣ ቤቱ ኮንክሪት ነው። ንግድ ለሚያስብና ቋንቋ ለመማር ትዕግሥት ላለው ሰው ዛንዚባር ትሻላለች፤ የራሱን የውሃ ማጠራቀሚያና የመብራት መጠባበቂያ እስከያዘ ድረስ። ሲሸልስ ጥሩ ውል ላለው ባለሙያ ለሁለትና ለሦስት ዓመት ገንዘብ ማጠራቀሚያ ትሆናለች፤ ለዕድሜ ልክ ግን ለመጤ በሯ ጠባብ ነው።

የትኛውንም ብትመርጡ በክፉው ወር ሂዳችሁ እዩት። ሞሪሺየስን በፌብሩዋሪ፣ ዛንዚባርን በኤፕሪል፣ ማሄን በሴፕቴምበር። ሆቴል አትግቡ፤ መኖር በምታስቡበት ሰፈር ቤት ተከራዩ። ከገበያ ራሳችሁ ገዝታችሁ አብስሉ፤ በአውቶቡስ ተመላለሱ፤ የጤና ጣቢያውን ወረፋ ተመልከቱ። ቤት ከመግዛታችሁ በፊት ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት በኪራይ ኑሩ።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት የውጭ አገር የሥራ ውል ሲፈረም ሊታዩ የሚገባቸውን አንቀጾች አንድ በአንድ እናነባለን።